ወደፊት ቱርቦ ለሚታሰርለት ትንሽ ሞተር፦ የቱን እንምረጥ?

ሞተሩ ሰማያዊ ጭስ ማውጣት ጀምሯል። ዘይት በየሳምንቱ ይጨመርለታል። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ሲወጣ በሁለተኛ ማርሽም ያቃስታል። መካኒኩ «ይውረድና ይሠራ» ብሏል። ባለመኪናው ደግሞ ሌላ ሐሳብ ገብቶታል፦ «ከተፈታ አይቀር፣ አንድ ቀን ቱርቦ እንዲታሰርለት አድርጌ ባሠራውስ?»

ቱርቦ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ እያስገባ ጉልበት የሚጨምር ዕቃ ነው። ጥያቄው የጉራ አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። ያለችዋን ኮሮላ ወይም ያሪስ አሳምሮ ማቆየት ለብዙ ሰው ዋናው መንገድ ሆኗል። ከድሬ ሐረር ለሚመላለስ ሰው ደግሞ ጉልበት ያላት ትንሽ መኪና ትልቅ ነገር ናት።

ችግሩ ምርጫው መብዛቱ ነው። አንዱ «ፎርጅድ (ተቀጥቅጦ የተሠራ ጠንካራ) ፒስተን አስገባ» ይላል። ሌላው «አቦ ተወው፣ እንደ ነበረ ግጠመው» ይላል። ሦስተኛው ከነቱርቦው የመጣ ሞተር ፈልግ ይላል። ሁሉም የየራሱ እውነት አለው። ለጀማሪ ግን ሁሉም እኩል አይሆንም።

እኔ ሁሉንም የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ሞተሩ ካልተፈታ በቀር የማይሠራው የቱ ነው? እሱን ዛሬ ሥሩት። ከውጭ በቡሎን የሚታሰረው ሁሉ ይቆይ። ቱርቦው፣ ኢንተርኩለሩ (የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው)፣ ቧንቧው፣ ኢንጀክተሩ (ነዳጅ የሚረጨው)፣ ኮምፒውተሩ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላም ይታሰራሉ። ፒስተን፣ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት)፣ ብሮንዝ (ክራንክ ሻፍቱ የሚዞርበት ልባስ) እና የኮፓ (የዘይት ቋቱ) ቀዳዳ ግን ዛሬ ከታለፉ እንደገና ሞተር ማውረድ ሊጠይቁ ነው።

ሦስቱ መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ሞተሩን በፋብሪካው ልክ መልሶ መሥራት ነው። ፒስተኑ እንደ ዋናው፣ ቢየላው (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኘው ዘንግ) ያው፣ ክራንክ ሻፍቱ ያው። ግን ሲገጣጠም ጥቂት ነገሮች ቱርቦን ታሳቢ አድርገው ይሠራሉ። ወጪው ከተለመደው ኦቨርሆል (ሞተር ፈትቶ ከማደስ) እምብዛም አይበልጥም። መኪናዋ ነገ ሥራ ትገባለች። ቱርቦ ሲታሰር ግን ግፊቱ ዝቅ ብሎ መቆየት አለበት። ጤነኛ ሞተር፣ ጥሩ የነዳጅ ማስተካከያ ይዞ፣ ከ0.3 እስከ 0.4 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ብናስብ ልከኛ ነው።

ሁለተኛው ፎርጅድ ፒስተንና ፎርጅድ ቢየላ አስመጥቶ ሙሉ በሙሉ መገንባት ነው። ይህ ለከፍተኛ ግፊት ያዘጋጃል። ዋጋው ግን የመኪናዋን ዋጋ ሊገዳደር ይችላል። ዕቃው ከውጭ ታዝዞ እስኪደርስ ሞተሩ ተፈትቶ ይቀመጣል። ቱርቦው እስኪታሰር ድረስ ደግሞ ጥቅሙ አይታይም። ዝቅተኛ ኮምፕሬሽን (አየሩ ሲሊንደር ውስጥ ስንት እጥፍ እንደሚጨመቅ የሚነግር ቁጥር) ያለው ፒስተን ያለ ቱርቦ ሲነዳ መኪናዋን ያደክማታል፣ ነዳጅም ያስበላታል።

ሦስተኛው ከፋብሪካው ቱርቦ ይዞ የወጣ ሞተር ማስገባት ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የቶዮታ 4ኢ ቤተሰብ ነው። 4ኢ-ኤፍኢ የሚባለው 1331 ሲሲ ሞተር በኮሮላና በስታርሌት ላይ ነበር። የዚሁ ወንድም 4ኢ-ኤፍቲኢ በስታርሌት ጂቲ ቱርቦና በግላንዛ ቪ ላይ ገባ። ስፋቱ ያው 1331 ሲሲ ነው። ጉልበቱ ግን 135 ፈረስ ደርሷል። ቶዮታ ያን ሲሠራ ኮምፕሬሽኑን ከ9.6 ወደ 8.2 አውርዶታል። መሐንዲሶቹ የት ላይ እንደተጠነቀቁ ከዚህ ቁጥር ብቻ ይገባችኋል።

ይህ ሦስተኛው መንገድ በወረቀት ላይ ከሁሉም ያምራል። ድሬ ላይ ግን ሁለት እንቅፋት አለው። ሞተሮቹ የወጡት እስከ 1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ ነው። ቢገኝ እንኳ ያረጀ ሞተር ነውና ራሱ ኦቨርሆል ይፈልጋል። ሁለተኛው የሊብሬ ጉዳይ ነው። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ ተጽፏል። ሞተር ከቀየራችሁ ቁጥሩ በሕጋዊ መንገድ መስተካከል አለበት። ያለዚያ የቦሎ ሰሞን ትቸገራላችሁ፣ መኪናዋን ልትሸጡ ስትሉም እንዲሁ።

ለጀማሪ ምርጫዬ የመጀመሪያው ነው። የራሳችሁን ሞተር፣ በራሱ ቁጥር፣ በደንብ መልሳችሁ ሥሩ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን መንገድ በትክክል ለመሥራት ነው።

የትኛው ሞተር ይሸከማል?

የብረት ሞኖብሎክ (ሲሊንደሮቹን የያዘው የሞተሩ አካል) ያላቸው የድሮ ሞተሮች ለጀማሪ ይቅርባይ ናቸው። 4ኢ-ኤፍኢ ከነዚህ አንዱ ነው። የኮሮላው 5ኤ-ኤፍኢም እንዲሁ። 1498 ሲሲ ነው፣ ኮምፕሬሽኑ 9.8 ነው። ሲሊንደሩ ቢበላ ቦር ይደረጋል፣ ማለትም በማሽን ይሰፋል። ከፍ ያለ ቁጥር ፒስተን ይገባል። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ሙቀትና ግፊት ሲመጣ ቶሎ አይጣመምም።

የያሪሱ 1ኤንዜድ ሌላ ነገር ነው። 1497 ሲሲ፣ ኮምፕሬሽኑ 10.5። ሞኖብሎኩ አሉሚኒየም ነው። ውስጡ ያለው የብረት ካሚቻ (የሲሊንደሩ ልባስ) ቀጭን ስለሆነ ለቦር የሚሆን ቦታ የለውም። ቢየላውም ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ቀጠን ተደርጎ የተሠራ ነው። በዓለም ዙሪያ ቱርቦ አስረውበት የሚነዱ ሰዎች አሉ። ይቻላል። ግን የመጀመሪያ ሞተሩን የሚፈታ ሰው የሚጀምርበት አይደለም።

ባለ ሦስት ሲሊንደሯ የቪትዝ 1ኬአርም ያው ናት። 998 ሲሲ፣ አሉሚኒየም፣ ቀላልና ቆጣቢ። ፋብሪካው ራሱ በኋላ 1ኬአር-ቪኢቲ የተባለ ቱርቦ ያለው ዓይነት አውጥቷል። 98 ፈረስ ይሰጣል። ያ ግን ከመነሻው ለቱርቦ ተብሎ የተሠራ ነው። የእናንተዋ ቪትዝ ከሆነች ምክሬ አጭር ነው፦ በፋብሪካው ልክ አሠርታችሁ በሰላም ንዷት።

ካርቡሬተር ያላት ዲኤክስ ኮሮላ ላላችሁ ደግሞ፣ ሞኖብሎኩ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ነዳጁ ነው። በቱርቦ ግፊት ስር ካርቡሬተርን ማስተካከል ከባድ ሙያ ነው። ኢንጀክሽን ያለው ሞተር በብዙ ይቀላል።

ሐረር ላይ ሁልጊዜ የሚነሳው የፔጆ 404 ነገርም አለ። ሐረር ያለ ፔጆ ታክሲ አትታሰብም። ካሚቻው ተነቃይ መሆኑ ለኦቨርሆል ድንቅ ነው፤ አውጥቶ አዲስ መክተት ነው። ግን 404ን ቱርቦ አታድርጓት። እሷ በራሷ ልክ ስትሠራ ነው የምታምረው፣ ዕቃዋም ከቀን ወደ ቀን እየጠፋ ነው።

ፒስተንና ኮምፕሬሽን

እዚህ ላይ ጊዜ ወስደን እንይ። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው፣ ብዙ ሞተርም የሚበላሸው እዚህ ነው።

ቱርቦ አየሩን አስቀድሞ ጨምቆ ይሰጣል። ፒስተኑ ደግሞ ያንኑ መልሶ ይጨምቃል። ጭመቃው ሲበዛ ሙቀቱ ይጨምራል። ሙቀቱ ካለፈ ነዳጁ ካንዴላው በሥርዓት ከጀመረው እሳት ቀድሞ በየጥጉ ይፈነዳል። ኖኪንግ የሚባለው ይህ ነው። ፒስተን የሚቀጠቅጠውና ጓርኒሲዮን (በቴስታታና በሞኖብሎክ መካከል ያለውን ማሸጊያ) የሚበሳው እሱ ነው። ማደያ የምታገኙት ተራ ቤንዚን ነው፤ ለውድድር ተብሎ የተዘጋጀ ነዳጅ ይገኛል ብላችሁ አታቅዱ።

ስለዚህ የኮምፕሬሽን ምርጫው ምን ይሁን? ለ0.3 እና ለ0.4 ባር ከ9 እስከ 9.6 ያለው ሊሠራ ይችላል፣ ማስተካከያው ጥሩ ከሆነ። 10.5 ላይ ግን መንገዱ ጠባብ ነው። 8.2 ደግሞ ፋብሪካው ለከፍተኛ ግፊት የመረጠው ነው፤ ያለ ቱርቦ የምትነዱት ከሆነ ደካማ ነው።

አሁን ጋራዥ ውስጥ በየቀኑ የሚደረገውን አንድ ነገር ተመልከቱ። ቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል) በወረደ ቁጥር ማስላግ ልማድ ነው። ሞቆ ለተጣመመ ቴስታታ መላግ ግድ ነው። ያለ ልኬት «ለማንኛውም ትንሽ ይላግ» ማለት ግን ቱርቦ ላሰበ ሰው ወደኋላ መሄድ ነው። ሂሳቡን እንሥራው። 1331 ሲሲ ለአራት ሲካፈል አንዱ ሲሊንደር 333 ሲሲ ገደማ ነው። በ9.6 ኮምፕሬሽን ከፒስተኑ በላይ የሚቀረው ቦታ 39 ሲሲ እንኳ አይሞላም። ቴስታታው 0.2 ሚሊ ሲላግ ከዚያች ጠባብ ቦታ አንድ ሲሲ ገደማ ይቀነሳል። 9.6 የነበረው 9.8 አካባቢ ይገባል። ሁለት ሦስት ጊዜ የተላገ ቴስታታ ከሆነ ከ10 አልፎ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ቴስታታው ከመላጉ በፊት ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በጎኑ አቁማችሁ በፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች) ለኩ። በመጽሐፉ ከተፈቀደው በላይ ካልተጣመመ አይላግ። ከተላገም ስንት ሚሊ እንደወጣ ጽፋችሁ ያዙ። ሁለተኛ እጅ ቴስታታ ስትገዙም ውፍረቱን ለኩ፤ ሻጩ ስንቴ እንደተላገ አያውቅም።

ኮምፕሬሽን ለማውረድ ሁለት መንገድ ይቀርባል። አንዱ ወፍራም ጓርኒሲዮን ነው። ርካሽና ቀላል ስለሆነ ጀማሪን ይስባል። እኔ አልመክረውም። የፒስተኑ ጠርዝና ቴስታታው ተቀራርበው ሲገናኙ አየርና ነዳጁን ወደ መሐል ይገፉታል። ያ ግፊት ቃጠሎውን ያፈጥነዋል፣ ኖኪንግንም ይቀንሳል። ወፍራም ጓርኒሲዮን ይህን ክፍተት ይከፍተዋል። ኮምፕሬሽኑ ወረደ ብላችሁ ስትደሰቱ ኖኪንጉ በሌላ በር ይገባል። ትክክለኛው መንገድ አናቱ ጎድጎድ ያለ ፒስተን ነው። እሱም ቱርቦው የእውነት እንደሚመጣ ገንዘቡን ይዛችሁ ስታረጋግጡ ብቻ።

ስለ ፎርጅድ ፒስተን አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። ሲሞቅ ከተራው በላይ ይለጠጣል። ስለዚህ በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ይፈልጋል። ክፍተቱ ሻጩ በሰጠው ወረቀት ላይ ይጻፋል። ፎርጅድም ይሁን ተራ፣ ፒስተኑ እጃችሁ ሳይገባ ሲሊንደር አታስቦርሩ። ቶርኖ ቤቱ ቦር የሚያደርገው ፒስተኑን በማይክሮሜትር ለክቶ ነው እንጂ ካርቶኑ ላይ «0.50» የሚል አንብቦ መሆን የለበትም።

ፋሻ፦ በርካሽ የሚገዛ ትልቅ ዋስትና

ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። ዋጋው ከሞላ ጎደል ምንም ነው፣ የሚያድነው ግን ሞተር ነው።

ፋሻ ሲሞቅ ይረዝማል። ጫፍና ጫፉ መካከል ክፍተት የሚተወው ለዚህ ነው። ቱርቦ ሲመጣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ፋሻውም ይበልጥ ይረዝማል። ክፍተቱ ከጠበበ ጫፎቹ ይገናኛሉ። ከዚያ የሚሄድበት ቦታ የለውም። ሲሊንደሩን ይቧጭረዋል፣ የፒስተኑንም የፋሻ መቀመጫ ይሰብረዋል። «ቱርቦ ሞተሩን ሰበረው» ከሚባልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የላይኛውን ፋሻ ወስዳችሁ በሚገጠምበት ሲሊንደር ውስጥ በእጃችሁ አስገቡት። ዘመም ብሎ እንዳይቀመጥ ፒስተኑን ገልብጣችሁ በአናቱ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ግፉት። አሁን ሁለቱ ጫፎች ፊት ለፊት ይተያያሉ። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሦስት ወረቀት ተደራርቦ ቢገባበት ነው። ፊለር ጌጁን አስገቡ። የ0.30 ሚሊው ያዝ እያደረገ ካለፈና የ0.35ቱ እምቢ ካለ መጠኑን አገኛችሁት።

የሲሊንደር ስፋቱ 74 ሚሊ ለሆነ እንደ 4ኢ-ኤፍኢ ላለ ሞተር፣ ያለ ቱርቦ 0.30 አካባቢ ይበቃል። ለልከኛ ቱርቦ 0.40 አካባቢ አድርጉት። ሁለተኛው ፋሻ ትንሽ ይበልጥ፣ 0.45 ቢሆን ጥሩ ነው። ፋሻውን የሠራው ፋብሪካ ለቱርቦ የራሱን መጠን ከጻፈ እሱ ይቀድማል። ለማስፋት አንዱን ጫፍ ብቻ በጥሩ ጠፍጣፋ ሞረድ ሞርዱ፤ ሌላው እንዳለ ይቆይ። ሞረዱ ከፋሻው ውጭ ወደ ውስጥ ብቻ ይሂድ። ወደኋላ ከጎተታችሁት የፋሻው የውጭ ሽፋን ይላጣል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞርዳችሁ መልሳችሁ ለኩ። አንዴ ካለፈ አይመለስም። ሲያልቅ ሹል ጠርዙን በስስ የስለት ድንጋይ ዳሰስ አድርጉት።

የምትከፍሉት ዋጋ ምንድን ነው? ቱርቦው እስኪመጣ ድረስ በጣም ትንሽ ትንፋሽ ወደ ኮፓ ያልፋል። ሞተሩ ሲሞቅ ክፍተቱ ይጠባል። በአነዳድ ልዩነቱን አታውቁትም።

ብሮንዝ፣ ቡሎንና ጓርኒሲዮን

ብሮንዝ ላይ የታወቀ ስም ያለው ግዙ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚያዝዝላችሁ ሰው ካለ ካርቶኑን ብቻ ሳይሆን ከብሮንዙ ጀርባ ያለውን ማኅተምና ቁጥር በፎቶ ይላክላችሁ። ከዚያ ክፍተቱን በፕላስቲጌጅ ለኩ። ሰም የመሰለች ክር ናት፤ ስትጨፈለቅ ስፋቷ ክፍተቱን ይነግራችኋል። 40 ሚሊ ለሆነ የክራንክ ሻፍት አንገት 0.04 ሚሊ አካባቢ መነሻ ነው። ፋብሪካው በሚፈቅደው ውስጥ ወደ ሰፊው በኩል ብታዘነብሉ ለቱርቦ ይስማማል።

ጓርኒሲዮን ሁለት ዓይነት ነው። ለስላሳው ቴስታታው ፍጹም ለጥ ባይልም ችሎ ይዘጋል። የብረት ንብርብሩ ግፊትን በብዙ ይችላል፣ ግን ቴስታታውም ሞኖብሎኩም እንደ መስታወት የለሰለሰ ፊት ይጠይቃል። ያን የሚያወጣ ማሽን ያለው ቶርኖ ቤት ካላገኛችሁ ለ0.3 ባር ለስላሳውን ኦሪጅናል መምረጥ ይሻላል። ጥሩ ጓርኒሲዮን በመጥፎ ፊት ላይ ያንጠባጥባል። ጓርኒሲዮን ደግሞ ቴስታታ ብቻ ወርዶ የሚቀየር ስለሆነ፣ ቱርቦው በሚታሰርበት ቀን ልትመለሱበት ትችላላችሁ።

የቴስታታ ቡሎን ግን አዲስ ይሁን። አንዳንዶቹ ሲጠብቁ እንዲለጠጡ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፣ ሁለተኛ ጊዜ አያገለግሉም። በቶርክ ሬንች፣ በመጽሐፉ ቅደም ተከተል ይጠበቁ። «እጄ ያውቀዋል» የሚል መካኒክ ቢያጋጥማችሁ በአክብሮት ሬንቹን አቀብሉት።

የዘይት መመለሻውና የድሬ ውሃ

ቱርቦ ዘይት ይጠጣል። ዘይቱ ከሞተሩ በቀጭን ቱቦ ይሄዳል፤ ለዚያ የዘይት ግፊት ሴንሰሩ ያለበት ቀዳዳ ላይ ቲ (ባለ ሦስት አፍ መጋጠሚያ) ማሰር ይበቃል። ይህ ወደፊት የሚሠራ ነው። መመለሻው ግን በራሱ ክብደት ነው የሚወርደው። ሰፊ ቱቦ ይፈልጋል፣ ውስጡ ከ16 ሚሊ ያላነሰ። ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይውረድ። ኮፓው ውስጥ ከዘይቱ ከፍታ በላይ ይግባ። ከዘይቱ በታች ከገባ ዘይቱ ቱርቦው ውስጥ ይታቆራል፣ በጭስ መልክም ይወጣል።

ኮፓው ዛሬ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጎኑን አስበሱት፣ ጥርስ ያለው አጭር ቱቦ አስበየዱበት፣ በቡሎን ዝጉት። በቃ። የብረት ኮፓ ከሆነ ማንኛውም ጥሩ በያጅ ይሠራዋል። አሉሚኒየም ከሆነ አሉሚኒየም የሚበይድ ፈልጉ። ከብየዳ በኋላ ውስጡ ታጥቦ ፍርፋሪ እንዳይቀር። አንዲት የብየዳ ፍንጣሪ የአዲሱ ብሮንዝ ጠላት ናት።

ሌላው ሞተሩ ሲፈታ ብቻ የሚሠራ ነገር የውሃ መተላለፊያው ነው። የድሬ ውሃ ኖራ የበዛበት ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚቀረውን ነጭ ቅርፊት ያየ ሰው ይገባዋል። ራዲያተሩ ላይ ለዓመታት ከቧንቧ ሲጨመር የኖረ ሞተር ውስጡ ያንኑ ቅርፊት ከዝገት ጋር ለብሷል። በተለይ የኋለኛው ሲሊንደር ዙሪያ ውሃው የሚዘገይበት ስለሆነ ይከማቻል። የሞኖብሎኩ የጎን ክዳኖች ይውጡ፣ ውስጡ በሽቦና በቅርፊት ማስለቀቂያ ይጽዳ፣ ክዳኖቹ በአዲስ ይተኩ። ከዚያ ወዲያ ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር ብቻ። ይህ ቱርቦ ባይታሰርም ሞተሩን የሚያድን ነው።

ድሬ ወይስ ሐረር?

ድሬ ከባሕር ወለል 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው 13 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ሐረር 1850 ሜትር አካባቢ ላይ ሆና ጉድለቱ 20 በመቶ ይደርሳል። ሞተራችሁ ወደ ሐረማያ ሲወጣ የሚደክመው ዳገቱ ብቻ ሆኖበት አይደለም፤ የሚተነፍሰውም ያንሰዋል። ለዚህ ነው ቱርቦ እዚህ አገር ከብዙ ቦታ በላይ የሚጠቅመው። ድሬ ላይ 0.4 ባር ቱርቦ ቢሰጥ፣ ሞተሩ አሁን ከሚያገኘው ግፊት በላይ 45 በመቶ ገደማ ያገኛል። ትንሽ ግፊት ይበቃችኋል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳቱ ሙቀቱ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ ከ35 ዲግሪ ያልፋል። በ35 ዲግሪ የገባ አየር በ0.4 ባር ተጨምቆ ሲወጣ 90 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ይህ አየር ሳይቀዘቅዝ ሲሊንደር ከገባ ኖኪንግ ጠራችሁ ማለት ነው። ሐረር ላይ የሚኖር ሰው ትንሽ ይቀለዋል። የድሬ ሰው ግን ያለ ኢንተርኩለር አያስበው። ሁለታችሁም ደንገጎን የምትወጡ ከሆነ ራዲያተሩና ፋኑ ከቱርቦው በፊት ይጠናከሩ። ዳገቱ ላይ ጉልበቱ ብዙ ነው፣ ፍጥነቱ ግን ትንሽ ነው፤ ከፊት የሚገባው ነፋስ አይበቃም።

ቶርኖ ቤቱን መምረጥ

ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከገባ ወዲህ ከተማዋ ብረት የሚያውቅ እጅ አላት። የምድር ባቡር ወርክሾፕ ያፈራቸው ሽማግሌ ቶርኖ ሠሪዎች ደቀ መዛሙርት አሏቸው። ከዚራም ይሁን ሳቢያን ሰፈር ስትጠይቁ ማሽኑ አዲስ መሆኑን አትዩ። የሚለካበትን ዕቃ አሳዩኝ በሉ። የሲሊንደር ውስጥ መለኪያ ያለውና ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ለክቶ ሦስቱንም ቁጥር የሚነግራችሁ ሰው ጋ አሠሩ። «ጋሼ፣ ልኩን ይጻፉልኝ» ስትሉት ደስ የሚለው ባለሙያ ጥሩ ባለሙያ ነው። ካስኮረፈው ወደ ሌላው ሂዱ።

ሥራው ሲያልቅ ሲሊንደሩ ላይ የሆኒንግ (የማለስለሻ ድንጋዩ) ጭረት ተመላልሶ መታየት አለበት። ቤት ወስዳችሁ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ ነጭ ጨርቅ ሲጠረግበት ነጭ ሆኖ እስኪወጣ። ቤንዚን ብቻውን የሆኒንግ ዱቄቱን አያወጣውም። ወዲያው ዘይት ቀቡት፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይዝጋል።

ነዳጅና ኮምፒውተር

ይህ ወደፊት የሚመጣ ነው፣ አሁን ገንዘብ አታውጡበት። ብቻ ይህን እወቁ፦ የመኪናችሁ ኮምፒውተር ቱርቦ አያውቅም። ትልቅ ኢንጀክተር፣ የአየርና ነዳጅ ልኬት የሚያሳይ ሰፊ ንባብ ያለው ሴንሰር፣ እና የሚስተካከል ኮምፒውተር ያስፈልጋል። እንደ ስፒዱዊኖና ሜጋስኩዌርት ያሉት ከትላልቆቹ በርካሽ ይገኛሉ፣ በላፕቶፕ ይስተካከላሉ። እነዚህን የሚያስተካክል ሰው ሳታገኙ ቱርቦ አትግዙ። የነዳጅ ማስተካከያ የሌለው ቱርቦ ፒስተን ያቀልጣል፣ ፎርጅድም ቢሆን።

ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ

መጀመሪያ ካንዴላዎቹ ወጥተው በሞተሪኖ (በማስነሻው) ብቻ ይዙር፣ የዘይት ግፊቱ እስኪመጣ። ከተነሳ በኋላ ቆሞ ለረጅም ጊዜ አይሥራ፤ ፋሻ የሚቀመጠው በጭነት ነው። ወደ መልካ ጀብዱ የሚወስደው ሜዳማ መንገድ ለመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ተስማሚ ነው። ልከኛ ነዳጅ እየሰጣችሁ ፍጥነት ጨምሩ፣ ከዚያ እግራችሁን አንስታችሁ በማርሽ ትቀንስ። ቀለል ያለ ተራ የሞተር ዘይት ተጠቀሙ፣ ሲንተቲክ ለኋላ ይቆይ። ከመጀመሪያዎቹ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትሮች በኋላ ዘይትና ፊልትሮ ይቀየር። ፊልትሮውን ቀድዳችሁ ውስጡን እዩ። ጥቂት የሚያብረቀርቅ ዱቄት የተለመደ ነው፣ ቁራጭ ካያችሁ ግን ቁሙ።

1000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ እንደገና ዘይት ቀይራችሁ ኮምፕሬሽን አስለኩ። ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ ነዳጅ መስጫው ተረግጦ። መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ወለል የተጻፈ ስለሆነ ድሬ ላይ ከሱ ቢያንስ አትደንግጡ። ዋናው የአራቱ ሲሊንደር መቀራረብ ነው፤ ልዩነቱ ከ10 በመቶ አይለፍ። አራቱን ቁጥር፣ የፋሻውን ክፍተት፣ ከቴስታታው የተላገውን ሚሊ፣ የብሮንዙን ልክ በአንድ ደብተር ጽፋችሁ ከሊብሬው ጋር አስቀምጡ። ቱርቦውን የሚያስርላችሁና ኮምፒውተሩን የሚያስተካክልላችሁ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቃችሁ እነዚያን ቁጥሮች ነው።